በነጭ ጨርቅ ላይ የቀረ አረንጓዴ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ልጅቷ የላውንደሪውን የጓሮ በር ከፍታ ስትገባ አባቷን መሬት ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ጀርባቸውን ለመተኮሻው ጠረጴዛ እግር ሰጥተዋል። ከግንባራቸው የወረደው ደም ቅንድባቸው ላይ ረግቷል። አጠገባቸው የቆርቆሮ ሳጥናቸው አፉን ከፍቶ ተቀምጧል፤ ጓጉንቸሩ ተሰብሮ ራቅ ብሎ ወድቋል።

«አረንጓዴዋስ?» አለች ልጅቷ።

«አባዬ!» ብላ የጮኸችው ከዚያ በኋላ ነው።

ለፖሊስ ቃሏን ስትሰጥ ይህን ቅደም ተከተል አልደበቀችም። ብትደብቀው ማንም አያውቅባትም ነበር። ተናገረችውና አንገቷን ደፋች፤ ከዚያ ወዲያ ለተጠየቀችው ሁሉ መልስ የሰጠችው ጫማዋን እያየች ነው።

መርማሪው ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ደረሰ። ክፍሉ ጠባብና ረጅም ነው። ጥግ ላይ ቦይለሩ ያጉረመርማል። ከጣሪያው ስር በተዘረጋው ቱቦ ላይ የሆቴል አንሶላዎች ተሰቅለዋል፤ አንዱን ገልጦ ሲያልፍ ሌላው ይጠብቀዋል፤ ማለቂያ በሌለው ደመና ውስጥ የሚሄድ መሰለው። ከወዲያኛው ጫፍ የሳጅኗ ድምፅ መጣ።

«ተጎጂው ልብስ ተኳሽ ነው። እዚሁ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ሰፈሩ ጋሽ ካውያ ይለዋል። ሚስቱ ሞታለች፤ ከሴት ልጁና ከእህቱ ልጅ ጋር እዚሁ ፎቅ ላይ ይኖራል።»

«አውቃቸዋለሁ» አለ መርማሪው። «የአባቴ ጓደኛ ነበሩ።»

መጨረሻ ያያቸው ከስድስት ዓመት በፊት፣ በአባቱ ቀብር ላይ ነው። ያኔ እጃቸውን ይዞ «እመጣለሁ፣ እጠይቅዎታለሁ» ብሏቸው ነበር። ከጣቢያው እስከዚህ በእግር አሥር ደቂቃ አይፈጅም። አንድ ቀን አልመጣም።

ጋሽ ካውያ ቀና ብለው አዩትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

«የጸሐፊው ልጅ» አሉ። «አንተን ነው የላኩት?»

«ተረኛ ነኝ፣ ጋሽ ካውያ።»

«ሌላ ሰው የለም?»

መርማሪው ይህን እንደ ወቀሳ ቆጠረው። ተንበርክኮ ቁስሉን አየ፤ ጥልቅ አይደለም። «ምን ተፈጠረ?»

«ቦይለሩን ለኮስኩ። ካውያው እስኪግል ቆሜ ነበር። ከኋላዬ ሰው ገባ፣ መታኝ፣ ሳጥኑን ሰብሮ ወሰዳት።»

«ሰውየውን አዩት?»

«እንፋሎት ነበር።»

«ከኋላ ገብቶ ግንባርዎን መታዎት?» አለች ሳጅኗ።

«ዞር ስል ነው።»

«ካርዱ ምን ይመስላል?»

«አረንጓዴ ናት። ሌላ ምን መልክ አላት?» አሉና እጃቸውን አወናጨፉ።

በመንግሥት ወረቀት ላይ ስሟ «የቋሚ ነዋሪነት ማረጋገጫ» ነው። ከሌላ አገር መጥተው በዚህ ሰፈር ከሰፈሩት ሰዎች መካከል ግን እንደዚያ ብሎ የሚጠራት የለም። አረንጓዴዋ ናት። ሽማግሌዎች ሙሽራ ሲያጩ «ሥራው ምንድን ነው?» ከማለታቸው በፊት «አረንጓዴ አለው?» ይላሉ። አለኝ ማለት እንጂ ማሳየት ግን የለም። የተሰጠው ሰው ፖስታውን ደረቱ ውስጥ ሸጉጦ ከመሥሪያ ቤቱ ይወጣል፤ ቤቱ ገብቶ ይደብቃታል፤ ባል ለሚስቱ፣ ወንድም ለወንድሙ አያወጣትም። ገላን የማሳየት ያህል ነውር ነው።

ሳጅኗ ወደ መርማሪው ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ካርዱ ነጣ ያለ ሰማያዊ አይደለም እንዴ? በየቀኑ እያየነው።»

«የድሮዎቹ አረንጓዴ ነበሩ። የአባቴም አረንጓዴ ናት፤ እናቴ ጋ አለች። ያልተቀየሩ ብዙ አሉ።»

ልጅቷ ጫማዋን እያየች ነበር። «ሐሙስ የነዋሪነት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ቀጠሮ አለን» አለች። «ነርስነት ለመማር ተቀብለውኛል። የተወለድኩት እዚህ ነው፤ ግን በአባቴ ስም ካልተመዘገብኩ እንደ ነዋሪ አይቆጥሩኝም። እሱ ዋናዋን ካርድ ይዞ መስኮቱ ላይ መቅረብ አለበት። በሚቀጥለው ሳምንት ሃያ አንድ ዓመት ይሞላኛል፤ ከዚያ በኋላ በአባት ስም መመዝገብ የለም። ስሜ ይሰረዛል።»

«ዛሬ ማክሰኞ ነው» አለች ሳጅኗ።

«አውቃለሁ» አለች ልጅቷ። «እኔም ቀጠሮውን ሳስብ ነው፣ ከደሙ በፊት ሳጥኑን ያየሁት።»

መርማሪው ክፍሉን ዞሮ አየ። የመስኮቱ መቀርቀሪያ ደህና ነው። በመተኮሻው ጠረጴዛ ስር ባለው ቅርጫት ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ እርጥብ ነጭ ጨርቅ አገኘ። ሲዘረጋው መሐሉ ላይ መዳፍ የምታክል አረንጓዴ ነገር ታትማለች።

«ይህስ?»

ጋሽ ካውያ ወደ ጨርቁ አላዩም። «የሸሚዝ ቀለም ነው። ባለቀለም ልብስ ሲመጣ ነጭ ጨርቅ አርጥበን ላዩ ላይ እናደርጋለን፤ በጋለ ካውያ እንጫነዋለን። ቀለሙ የሚለቅ ከሆነ ጨርቁ ላይ ይወጣል። ሥራችን ነው።»

ሳጅኗ ጨርቁን በማስረጃ ከረጢት ከተተችው። በሩ ላይ ሲደርሱ «አለቃ» አለች፣ «ጥጉ እንደ ምላጭ የሆነ አራት ማዕዘን ሸሚዝ አይቼ አላውቅም።»

*

የፎቁ ጎረቤት ልብስ ሰፊ ናት፤ ለመናገር አልተለመነችም።

«ትናንት አመሻሽ ላይ ነው። ግድግዳው እንደ ወረቀት ስስ ነው፤ እኔ ልስማ ብዬ አይደለም። ጋሽ ካውያ የእህታቸውን ልጅ ‹ይሄ ሐሰተኛ ነው! አታለውሃል!› እያሉ ይጮሁበታል። እሳቸው እኮ ጮኸው አያውቁም።»

«ልጁስ?»

«ቀስ ብሎ አንድ ነገር አላቸው። ከዚያ ጸጥ። ጩኸቱ ሳይሆን ጸጥታው ነው ያስደነገጠኝ። የስፌት መኪናዬን አቁሜ ነው ያዳመጥኩት።»

«ልስማ ብለሽ አይደለም» አለች ሳጅኗ።

«ኧረ በፍጹም!»

የጋሽ ካውያ የእህት ልጅ ዳቦ ቤት ውስጥ ሊጥ ያቦካል። እጁ እስከ ክርኑ ዱቄት ነው። የዳቦ ቤቱ አለቃ ሳይጠየቅ ተናገረ፤ ልጁ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ «ሆዴን አመመኝ» ብሎ ወጥቶ ሦስት ሰዓት ላይ ነው የተመለሰው።

«የት ነበርክ?» አለ መርማሪው።

«ነፋስ ልቀበል ብዬ ተንሸራሸርኩ።»

«አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ?» አለች ሳጅኗ። «የከተማውን ነፋስ ሁሉ ተቀበልከው ማለት ነው።»

«ትናንት ከአጎትህ ጋር በምን ተጣላችሁ?»

የልጁ ጆሮ ቀላ። «የቤት ነገር ነው።»

«አጎትህ ዛሬ ጠዋት ተመትተው፣ ካርዳቸው ተሰርቆ ተገኝተዋል።»

ልጁ የያዘው ሊጥ ከእጁ ወደቀ። «ተረፉ?»

«ተርፈዋል።»

«ካርዳቸው ተሰረቀች አሉ? እሳቸው ናቸው ያሉት?»

«ታዲያ ማን ይበል? ኪስህን አራግፍ።»

ከኪሱ ቁልፍ፣ የተጨማደደች የወረፋ ቁጥር «4»፣ በላስቲክ የተጠቀለለች ካርድም ወጣች። ካርዷ ነጣ ያለ ሰማያዊ ናት፤ የወጣችው ባለፈው ሳምንት ነው።

«ይቺም አረንጓዴ ነው የምትባለው?» አለች ሳጅኗ በብርሃን እያየቻት።

«ስሟ ነው።»

«ለምን እንዲያ ተባለች?»

«እንደ መንገድ መብራት ነው ይላሉ። አረንጓዴ ሲበራልህ ታልፋለህ።»

«አንተ አሁን ቀይ ላይ ነህ። ለአጎትህ አሳየሃቸው? ሐሰተኛ ናት ያሉት ይቺን ነው?»

ልጁ ጎንበስ ብሎ የወደቀውን ሊጥ አነሳ። ሳጅኗ መርማሪውን በዓይኗ ጠቀሰችው፦ ልጁ ሐሰተኛ ካርድ አሠራ፣ አጎቱ ነቁበት፣ እንዳይጠቁሙት መታቸው። በቃ፣ ተገጣጠመ።

«ከፈለጋችሁ እሰሩኝ» አለ ልጁ በመጨረሻ። «አጎቴን ግን ስለ ካርዳቸው አትጠይቋቸው። እባካችሁ። ከእኔ የፈለጋችሁትን ውሰዱ።»

ልጁን ጣቢያ አስረክበው ሲወጡ፣ መኪና ውስጥ ሳጅኗ ሞተሩን ሳታስነሳ ቆየች። «ሌባ እንዲህ ይለምናል?»

«አይለምንም» አለ መርማሪው። የወረፋ ቁጥሯን አገላበጣት። ከኋላዋ የነዋሪነት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ማህተምና የዛሬ ቀን አለባት።

*

ወደዚያ ከመሄዱ በፊት የላውንደሪው ባለቤት የሠራተኞቿን ዶሴ አወጣችለት። ጋሽ ካውያ ሲቀጠሩ ያስገቡት የካርዳቸው ፎቶ ኮፒ ጥቁርና ነጭ ነው። ፎቶው አለ፣ ቁጥሩ አለ፣ የተሰጠበትም ቀን አለ፤ የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት። «አንዴ ተቆጣጣሪዎች መጥተው ቁጥሩን አጣርተው ነበር፤ አለ ተብሏል» አለች ባለቤቷ። «ዋናዋን ግን አሳይተውኝ አያውቁም። እኔም መጠየቁ አሳፈረኝ፤ የሰው ጓዳ ነው።»

የነዋሪነት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ላይ መርማሪው እንደ ሁልጊዜው እርምጃውን ቀነሰ። እዚህ ግንብ ስር፣ ከዣንጥላ በታች፣ አባቱ ሃያ ዓመት በትንሽ ጠረጴዛ ተቀምጦ ማመልከቻ ጽፏል። የአገሩን ቋንቋ መጻፍ የማይችል ሁሉ በአባቱ እጅ ነበር የሚናገረው። እስከ ዛሬ ድረስ የማያውቃቸው ሴቶች መንገድ ላይ አስቁመው «የጸሐፊው ልጅ አይደለህም? እጁ ይባረክ» ይሉታል። ፖሊስ መሆኑን የማያውቁ ሰዎች የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃሉ።

የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር የቀራቸው ሴትዮ ናቸው፤ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ይወዛወዛል።

«ዛሬ ምን ነክቷችኋል?» አሉ ጥያቄውን ሳይጨርስ። «ጠዋት ገና መስኮት ስንከፍት እጁ ዱቄት የሆነ ልጅ መጣና አረንጓዴው የቀረው መቼ ነው ይለኛል። አሁን ደግሞ አንተ።»

«የእሱ ካርድ ትክክለኛ ነው?»

መርማሪው የሰጣቸውን ቁጥር አዩ። «ምን ነክቶት! ከዚሁ የወጣ ነው። ልጁ ስለ ራሱ አልነበረም የሚጠይቀኝ። ሳያውቅ በሐሰተኛ ካርድ የኖረ ሰው ምን ይሆናል ነው ያለኝ።»

«ምን አሉት?»

«ይባረራል አልኩት፤ ልጅ ካለውም ልጁ ይሰረዛል። ያኔ በጊዜው አመልክቶ የነበረ እንደሆነ ብቻ ነው ነገሩ የሚለየው። ቅጹ ሲሸጥ ቀን ይመታበታል። ያ ቅጽ ከተገኘ፣ ለምን ሳይገባ እንደቀረም የሚመሰክር ከተገኘ፣ በዚያው ቀን እንደገባ ተቆጥሮ ይታይለታል። ግን ማን ሃያ ዓመት ቅጽ ያስቀምጣል?»

«አረንጓዴው መቼ ቀረ ታዲያ?»

ሴትዮዋ ጥያቄው ደስ አላቸው። «ሰው ሁሉ ትርጉም ይፈልግለታል። ተስፋ ነው፣ ቅጠል ነው፣ መብራት ነው። ይሄ መሥሪያ ቤት ሲከፈት በጀት የሚባል አልነበረውም። መጋዘን ውስጥ ለዕቃ መለያ ተብሎ የመጣ አረንጓዴ ካርቶን ተርፎ ነበር፤ ሻንጣ ላይ የሚንጠለጠል ዓይነት። በእሱ አተሙት። ነገሩ ይኸው ነው፤ የተረፈ ወረቀት! የዛሬ ሃያ አራት ዓመት ካርቶኑ አለቀ፤ ሰማያዊ ተገዛ። ስሙ ግን አላለቀም።»

«ሃያ አራት» አለ መርማሪው። ፎቶ ኮፒውን አወጣ። «ይቺ የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት የተሰጠች ናት። ባለቤቷ አረንጓዴ ናት ይላሉ።»

«አትሆንም።»

«ቁጥሩ ግን ሲጣራ ተገኝቷል።»

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አደረጉና ከመደርደሪያው ትልቅ መዝገብ ጎትተው አወረዱ። ጣታቸው በዓምዱ ወርዶ አንድ ቦታ ቆመ። ቀና ብለው አዩት፤ እንደገና ወደ መዝገቡ አዩ። ከዚያ መዝገቡን ቀስ ብለው ወደ እሱ አዞሩት።

«ቁጥሩ የሌላ ሰው ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት የወጣ ነው። ይህን ሰው ታውቀዋለህ?»

በትንሿ ፎቶ ላይ አንድ ወጣት ሰው፣ በደረት ኪሱ ብዕር ሰክቶ፣ መርማሪው ጠዋት ጠዋት በመስታወት በሚያየው ዓይን ተመለከተው።

«አዎ» አለ። «አውቀዋለሁ።»

ደረጃው ላይ ስልኩ ጮኸ። ሳጅኗ ናት። «አለቃ፣ ከቦይለሩ አመድ ውስጥ የቀለጠ ላስቲክ አወጣሁ፤ የካርድ መያዣ ይመስላል። ደግሞ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ፣ በግንባር ልክ፣ የተጠረገ ደም አለ። ማንም አልገባም። ሽማግሌው ናቸው ሁሉንም ያደረጉት። ግን ለምን? ልጃቸው ሐሙስ ቀጠሮ እያላት ለምን ያቃጥሏታል?»

«ልጁን ልቀቂው» አለ መርማሪው። «ነገ ጠዋት ላውንደሪው ጋ እንገናኝ።»

«አንተ የት ነህ?»

«እናቴ ጋ ልሄድ ነው።»

*

እናቱ የአባቱን ካርድ በመሐረብ ጠቅልላ ነው ያስቀመጠቻት። አውጥታ ስትሰጠው ምክንያቱን አልጠየቀችም፤ ካውያ አምጪ ሲላት ግን ግራ ገባት።

«ምን ልትተኩስ?»

ነጭ መሐረብ አርጥቦ በአረንጓዴዋ ላይ አነጠፈ። በጋለው ካውያ ተጫነው። እንፋሎቱ ወጣ። መሐረቡን ሲያነሳው ነጭ ነበር፤ ምንም አልለቀቀችም። ከዚያ ከሳጅኗ ተቀብሎ የያዘውን የማስረጃ ከረጢት ከኪሱ አወጣና የላውንደሪውን ጨርቅ አጠገቡ ዘረጋው።

እናቱ አየችው። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ጋሽ ካውያ አወቁ?» አለች።

ጨርቁ የማን እንደሆነ አልነገራትም ነበር። ምንም አልነገራትም ነበር። መርማሪው ለሙያው ሲል ስንት ሰው በእንዲህ ያለ ቃል ይዟል፤ በእናቱ ላይ ግን ጆሮውን ቢደፍን በወደደ።

«ንገሪኝ፣ እማዬ።»

«ትርፍ አንጀትህ የፈነዳ ጊዜ ነው። አሥራ ስድስት ዓመትህ ነበር። አባትህ ሦስት ቀን ከሆስፒታሉ ኮሪደር አልወጣም። የጋሽ ካውያ ማመልከቻ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነበር፤ በማግስቱ ሊያስገባላቸው። አንተ ዓይንህን ስትገልጥ እሱ ወረቀቱን አስታወሰ። ቀኑ አልፏል፤ መስኮቱ ተዘግቷል።»

«ለምን አልነገራቸውም?»

«አፈረ። እሳቸው ደግሞ በየቀኑ እየመጡ አንተን ጠይቀው ሲያበቁ ‹የኛስ ነገር ምን ደረሰ?› ይሉታል። አንድ ቀን ደርሷል አላቸው። ሁለት ቀን አፈረ፣ ሦስት ቀን አፈረ፤ ሳምንት ሲሆን ማፈሩ ራሱ ሌላ የሚያሳፍር ነገር ሆነ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ፣ የራሱን ከፊቱ አድርጎ፣ በቀለም ነክሮ ሠራት። ቁጥሩን እንኳ አልቀየረም፤ የፈጠራ ቁጥር ሲጣራ ይጠፋል አለ።»

«ካርዱ ሰማያዊ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ እንዴት አላወቀም?»

«ማን ያሳየዋል? ለስንቱ ጻፈ፤ ሁሉም ደረቱ ውስጥ ሸጉጦ ‹አረንጓዴዋን አገኘኋት፣ እጅህ ይባረክ› እያለው ነው የሚያልፈው። እሱ የሚያውቃት አረንጓዴ የራሱን ብቻ ነው። ‹እጅህ ይባረክ› ሲሉት ደግሞ፣ ከዚያ ወዲህ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከተው ነበር። አላየህም?»

አይቷል። እርጅና መስሎት ነበር።

እናቱ ተነስታ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ግራጫ ኮት አወጣች። «ከዚያ ወዲህ አልለበሰውም። እንድጥለውም አልፈቀደልኝም።»

ከውስጥ ኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ቅጽ ወጣ። የአባቱ ቆንጆ እጅ ጽሑፍ፤ የጋሽ ካውያ የአውራ ጣት አሻራ፤ ጥግ ላይ የተመታ ቀን። ቅጹ የተገዛው ቀኑ ሳያልፍ ነበር።

«አቃጥለው» አለች እናቱ በቀስታ። «ሞቷል። ሰው ሁሉ የሚመርቀው ሰው ነው። ምን ያደርግልሃል? አንተስ ነገ በዚህ ሰፈር በየት በኩል ትሄዳለህ?»

መርማሪው ወረቀቱን ይዞ ቆመ። ምድጃው ከእጁ ሁለት ክንድ ይርቃል። ምን ያህል እንደሆነ የማያውቀው ጊዜ፣ እሳቱን አየ። በኋላ ከሁሉም በላይ ያሳፈረው የአባቱ ነገር ሳይሆን ያቺ ጊዜ ናት።

*

ረቡዕ ጠዋት ጋሽ ካውያ ግንባራቸውን በፋሻ ጠቅልለው ይተኩሱ ነበር። «እጄ ሥራ ሲፈታ ይንቀጠቀጣል» አሉ። ሳጅኗ ጥግ ላይ ማስታወሻዋን ከፍታ ተቀምጣለች። ልጅቷ አንሶላ ታጥፋለች። የእህታቸው ልጅ በሩ ላይ ቆሟል።

መርማሪው ቅጹን ከጠረጴዛው ላይ አኖረው።

ጋሽ ካውያ ማንበብ አይችሉም፤ ግን አሻራቸውን ያውቃሉ። ካውያውን በቂጡ አቆሙት።

«አልገባችም ነበር?»

«አልገባችም። እኔ ሆስፒታል የተኛሁ ጊዜ ኪሱ ውስጥ ቀረች።»

«እንደዚያ ነው?» አሉና ረጅም ትንፋሽ አወጡ። «እኔ እኮ... ሆን ብሎ ያታለለኝ መስሎኝ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ምን አድርጌው ነው እያልኩ ሳስብ አደርኩ። ይሄ ልጅ ካርዱን ሲያሳየኝ ሐሰተኛ ነው ብዬ ጮህኩበት። ‹አጎቴ፣ የሁሉም እንዲህ ነው፤ የእርስዎ መቼ ወጣች?› አለኝ። ትናንት ጠዋት አውጥቼ ፈተንኳት። እንደ ርካሽ ሸሚዝ ለቀቀች።»

«ለምን አቃጠሏት? ወደ ፖሊስ ይዘዋት ቢመጡ የተታለሉ እርስዎ ነበሩ።»

«ፖሊሱ አንተ ነህ» አሉ ጋሽ ካውያ። «እጁን ታውቀዋለህ። ፊደሉን ገና ስታየው ታውቀዋለህ። በአባትህ እጅ የተጻፈ ነገር ይዤ አንተ ፊት ልቁም? ተሰረቀች ብል ምትክ ይሰጡኝ ይሆናል አልኩ። እንዳይጠረጥሩኝ ጠርዙ ላይ ግንባሬን አጋጨሁ፤ የመጀመሪያው አልደማም፤ ደገምኩት። በዚህ ዕድሜዬ!» ፊታቸውን ሸፈኑ። «ከዚያ አንተን ላኩብኝ።»

ልጅቷ የያዘችውን አንሶላ አስቀመጠች። «አባዬ፣ እኔ ደሙን ሳላይ...»

«ዝም በይ። ሳጥኑን እንድታዪ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ።»

ልጅቷ አንሶላውን እንደገና አንስታ ማጠፍ ጀመረች።

«ይሄ ቅጽ ዛሬ ከገባ የሐሙሱ ቀጠሮ አይሰረዝም» አለ መርማሪው። «የመዝገብ ቤቷን ሴትዮ ጠዋት ጠይቄያለሁ፤ ጉዳዩ እስኪወሰን የልጅዎ ስም ተይዞ ይቆያል። ይሰጡዎታል ብዬ አልምልም። ግን ለምን ሳይገባ እንደቀረ የሚመሰክር ያስፈልጋል፤ ያጠፋው ሰውም ስሙ መጻፍ አለበት።»

«የሞተ ሰው ልክሰስ? አይሆንም። ለቀብሩ አፈር ያለበስኩት ሰው ነው።»

«እርስዎ አይደሉም የሚጽፉት።»

«አንተማ በጭራሽ! ሰፈሩ ምን ይላል? እናትህስ?»

«ልጅዎ ነርስነት ትማር ወይስ የአባቴ ስም ይጠበቅ? ስድስት ዓመት እመጣለሁ ብዬ አልመጣሁም፤ ዛሬ ስመጣ ይህን ይዤ ነው። እባክዎ አይመልሱኝ።»

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቅጹን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ሃያ ሁለት ዓመት ታጥፎ የኖረው ወረቀት አልዘረጋ ብሏል። ደረቅ ነጭ ጨርቅ አነጠፉበት፤ ካውያውን አንስተው፣ እንደ ሙሽራ ሸሚዝ እጅጌ፣ ቀስ ብለው ሄዱበት። ጨርቁን ገልጠው አዩት። ነጭ ነው።

«ይሄስ አይለቅም» አሉ።

ሳጅኗ ቅጹን ተቀበለችና የራሷን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ጉዳዩ ከዛሬ ጀምሮ በእሷ እጅ ነው፤ መርማሪው በአባቱ ጉዳይ መርማሪ ሊሆን አይችልም። ስለ ሐሰተኛው ጥቆማም የጋሽ ካውያን ቃል ተቀብላ ጨርሳለች። አንድ መስመር ላይ ስትደርስ ብዕሯ ቆመ።

«ይቺን መስመር እኔ አልጽፋትም» አለች በመጨረሻ።

«የአጥፊው ሙሉ ስም» ይላል መስመሩ። መርማሪው ብዕሩን ተቀብሎ የአባቱን ስም ጻፈ፤ ቀጥሎ የአያቱን። እጁ የአባቱን እጅ እንደሚመስል እስከዚያች ደቂቃ ልብ ብሎ አያውቅም፤ ፊደሎቹ ያው ናቸው።

ከግርጌው ሌላ መስመር አለ። «ሰነዱን ያስረከበው።» እዚያ ላይ የራሱን ስም ጻፈ፤ ከስሙ ቀጥሎም፣ ሰው ሲፈርም እንደሚያደርገው፣ የአባቱን። አንዱ ስም በአንድ ገጽ ላይ ከላይም ከታችም ተቀመጠ።

ጋሽ ካውያ እንደ ትናንቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ልጅቷ ግን ከጫማዋ ላይ ዓይኗን አነሳችና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብላ አየችው። ዓይኑን መስበር የእሱ ተራ ሆነ።